የለማ ጨጓራ

ለማ ዕድሜ ልኩን ሳህን አጥቦ አያውቅም። ስንጋባ አላጠበም፣ ልጅ ስንወልድ አላጠበም። እኔ አጅማን ማዳም ቤት ተቀጥሬ ስሠራ በነበረ ጊዜ እንኳ፣ በእረፍት ቀኔ ስመጣ የሳምንቱ ሳህን ተቆልሎ ነበር የሚጠብቀኝ። ስለዚህ ምሳ ዕቃው ታጥቦ መምጣት ሲጀምር ደስ ሊለኝ ሲገባ ልቤ ፈራ።

ክዳኑን ከፍቼ አሸተትኩት። ሎሚ ሎሚ የሚል ሳሙና። እኛ ቤት እንዲህ ያለ ሳሙና የለም።

«ማን አጠበልህ?»

«ራሴ።»

«አንተ?»

«እጅ የለኝም እንዴ?» አለና ጫማውን ሊፈታ አጎነበሰ። ፊቱን እንዳላይበት እንደሆነ የገባኝ ኋላ ነው።

የምንኖረው ሻርጃ፣ አል ናህዳ ነው። መንገዱን ከተሻገሩት ዱባይ ነው። ቤቱን የተከራየችው ልጄ ሰላማዊት ናት፤ አል ሪጋ ካሉት ሆቴሎች በአንዱ እንግዳ ትቀበላለች። ባሏ መርከብ ላይ ስለሚሠራ ዓመቱን ሙሉ በስልክ ነው የምናየው። ልጃቸውን ኑኑን እኔ ነኝ የምይዛት። ማዳምን የተሰናበትኩትም ለእሷ ስል ነው። ለማ ደግሞ ከሁላችንም ቀድሞ የመጣ ሰው ነው። ኢንዱስትሪያል ኤሪያ አንድ ጋራዥ ውስጥ የመኪና ኤሌክትሪክ ይሠራል። ዕድሜው ለጡረታ ደርሷል፤ አርፈህ ተቀመጥ ቢሉት ግን አይሰማም።

ነገሩ የጀመረው ባለፈው ክረምት ነው። ሽንት ቤት መመላለስ አበዛ። እኔ የኤሲው ብርድ ነው ብዬ በወገቡ ላይ ነጠላዬን አጠመጠምኩለት። ሰላም ግን በእረፍት ቀኗ ሐኪም ቤት ወሰደችው። እኔም ልሂድ ስል «ኑኑን ማን ይጠብቃታል እማዬ?» አለችኝ። እውነቷን ነው ብዬ ቀረሁ። ከዚያም ሌላ ጊዜ ሄዱ፣ ደግሞ ሌላ ጊዜ። አንድ ቀን ለማ ሲመለስ ሶፋው ላይ በአንድ ጎኑ ብቻ ተቀመጠ።

«ምን ሆነህ ነው?»

ሰላም ቀደመችው። «ጨጓራ ነው እማዬ። በአፉ ቱቦ አስገብተው አዩት። ጨጓራው ቆስሏል፤ በምግብ መጠንቀቅ አለበት።»

በአፉ ቱቦ የገባለት ሰው መቀመጥ እንዴት አቃተው ብዬ አልጠየቅሁም። ሰው ልጁን አምኖ ከተቀመጠ ጥያቄ ከየት ይመጣለታል? እንዲያውም «ተመስገን!» አልኩ። ስፈራ የነበረው ስንት ነገር ነው። ጨጓራ ደግሞ የምናውቀው በሽታ ነው። እኛ አገር ለጨጓራ ሐኪም ያልሆነ ሰው አለ? የእናቴ ጨጓራ፣ የታላቅ እህቴ ጨጓራ፣ የጎረቤቶቼ ጨጓራ፣ የሁሉም በእኔ እጅ አልፏል።

በማግስቱ በርበሬውን ከቁም ሳጥኑ የመጨረሻ መደርደሪያ ላይ ሰቀልኩት። ሽሮ ቀረ፣ ምስር ቀረ፣ ቲማቲም የሚባል ነገር ደጃፉን እንዳያይ ሆነ። ጠዋት ለብ ያለ ወተት፣ ቅንጬ በቅቤ። ለምሳ ሩዝ በበግ መረቅ፣ ሥጋው እስኪላላ የተቀቀለ። ማታ አጥሚት፤ እሱም ቅቤ ጣል ያለበት። ከአገር ቤት የሚመጣ ሰው መኖሩን ከሰማሁ ለእህቴ እደውልና ቅቤ አስልካለሁ። ሰላም አንዳንዴ ድስቱን አየት ታደርግና «እማዬ፣ ቅቤው አልበዛም?» ትለኛለች። «አንቺ ምን ታውቂያለሽ! የጨጓራን ቁስል የሚያለሰልሰው ቅቤ ነው» እላታለሁ። ዝም ትላለች። ለማም ዝም ብሎ ይጎርሳል።

ወተቱ ነበር ግራ የሚያጋባኝ። ከቀን ወደ ቀን እየቀጠነ ሄደ። ከሕንጻችን ሥር ባቃላ አለች፣ የሳሊም ሱቅ። ጠርሙሱን ይዤ ወረድኩ። ሰላምም ከሥራ ስትገባ እዚያው አገኘችኝና አጠገቤ ቆመች።

«ሳሊም፣ ይሄ ወተት ነው ውሃ? ለበሽተኛ ሰው ውሃ ትሸጣለህ? አላህን አትፈራም?»

«ማማ፣ እኔ ላም አለኝ እንዴ?» አለ ምስኪኑ። «ካምፓኒው ያመጣል፣ እኔ እሸጣለሁ።»

ሰው እስኪሰበሰብ ሰደብኩት። ሰላም እጄን ይዛ «በቃ እማዬ፣ ኸላስ፣ እንሂድ» አለችኝ። ዓይኗ መሬት መሬት ያያል። በእኔ ያፈረች መስሎኝ ነበር።

ሁዳዴ ሲገባ ሌላ ጭንቀት መጣ። ለማ ጾም የማይሽር ሰው ነው። «ዘንድሮም እጾማለሁ፤ ጾሙ ይሻለኛል» አለኝ። ይሻለኛል ያላት ቃል አሁን ትዝ ስትለኝ ታቃጥለኛለች። ያኔ ግን ጮኽኩበት። በባዶ ሆድ? በምስርና በሽሮ? አገር ቤት ላሉት የንስሐ አባታችን ስልክ ደወልኩና አለቀስኩባቸው። «ለታመመ ሰው ይፈቀድለታል ልጄ፤ አንቺ ጹሚለት» አሉኝ። እንዳሉኝም ጾምኩለት። ጾመኛ ስለሆንኩ የእሱን የፍስክ ወጥ መቅመስ አልችልም፤ ኑኑን እጠራና በጭልፋ አቀምሳታለሁ። «ጨው አንሶታል እማማ» ትለኛለች።

የራሴን የጾም ወጥ ደግሞ እሱ ሥራ ሲውል ነበር ሠርቼ የምበላው። ምስሩን በቲማቲም ቁሌት ሠርቼ፣ በልቼ፣ መስኮቱን ሁሉ ከፍቼ፣ ሽታው እስኪወጣ በጨርቅ አራግባለሁ። ሸትቶት አምሮት እንዳይጎዳ ነው። ለበሽተኛ ከበሽታው አምሮቱ ይብሳል።

ረመዳን ካለፈ በኋላ፣ ሁዳዴው ሊያልቅ ሲል፣ ለማ ምሳ ዕቃውን ረስቶ ወጣ። ጠረጴዛው ላይ ሳየው እጄን ራሴ ላይ ጫንኩ። ጨጓራ በባዶ ሆድ ከዋለ ምን እንደሚያደርግ አውቃለሁ። ስልክ ብደውል በጋራዡ ጩኸት አይሰማም። ኑኑ ከትምህርት ቤት እስክትመለስ ጊዜ አለኝ። ምሳ ዕቃውን በፎጣ ጠቅልዬ፣ ታክሲ ያዝኩ።

ጋራዡ በር ላይ ያገኘሁት ዘይኑን ነው። የወሎ ልጅ ነው፣ መኪና ቀጥቅጦ የሚያቃና። አንድ ሁለቴ ከለማ ጋር ቤት መጥቷል፤ ያኔ እንደ ሸንበቆ የቀጠነ ነበር። አሁን ፊቱ ክብ ብሏል።

«እማማ አሰለፈች! በሰላም ነው?»

«ምሳውን ረስቶ ወጥቶ ነው ልጄ።»

ዘይኑ ምሳ ዕቃዋን ሲያይ ፊቱ በራ። «አልሐምዱሊላህ! እኔ እኮ ዛሬ ምሳዬ ቀረ ብዬ...» አለና አፉን በእጁ ያዘ። እጁ ግሪስ ነበር፣ ጺሙ ጠቆረ።

«ምሳህ?»

«ኧረ ምንም አይደል እማማ።»

«ዘይኑ! ምሳህ ነው ያልከው?»

«እርስዎም የሚያውቁ መስሎኝ ነው ዋላሂ። ጋሽ ለማ ይቺን አይበላትም። ክብደት ልቀንስ ነው ብሎ ለእኔ ይሰጠኛል።» ሆዱን መታ መታ አደረገ። «ይሄ ሁሉ የእርስዎ እጅ ነው። ቱታው እምቢ ብሎኛል።»

«እሱስ ምን ይበላል?»

«ጦይባ ጋ ነዋ።»

እንደተናገረ ነገሩ ገባው። ወደ ኋላ እያየ «ካፍተሪያ ውስጥ የምትሠራ ልጅ ናት እማማ፣ ከጀርባ... የአገር ልጅ ናት፣ ሙሽኪላ የለም፣ ችግር የለም...» እያለ ሲንተባተብ ጥዬው ሄድኩ።

ከጋራዡ ጀርባ እስክደርስ ያላሰብኩት የለም። እናንተ ፊት ምን እደብቃለሁ? ሴት ነው ያሰብኩት። በዚህ ዕድሜው! እኔ ለእሱ ስጾም፣ እኔ ወጥ በልጅ ምላስ ሳስቀምስ፣ እሱ የሌላ ሴት ማዕድ ላይ። የቤት ቀጋ የውጭ አልጋ ይሉት ይሄ ነው አልኩ። የታጠበው ምሳ ዕቃ፣ የሎሚው ሳሙና፣ ሁሉም በአንድ ላይ ተገጣጠመልኝ።

ካፍተሪያዋ ጠባብ ናት። ሠራተኛው ገና ለምሳ ስላልወጣ ወንበሩ ባዶ ነበር። ለማ ጥግ ላይ ጀርባውን ሰጥቶኝ ተቀምጧል። ሻሽ ያሰረች፣ ሠላሳዎቹን ያጋመሰች ሴት አናቱ ላይ ቆማለች።

«ጨርሳት ይቺን ቲማቲም ጋሽ ለማ!» ትለዋለች። «ዛሬም ጥለሃት ብትነሣ ለሰላም ነው የምደውለው።»

«እሺ በቃ፣ እሺ» ይላል፤ ይጎርሳል። እኔን ለስንት ዓመት እሺ ብሎኝ የማያውቅ ሰው።

ጠጋ ብዬ ሳህኑን አየሁት። ቀይ ነው። ምስር በቲማቲም፣ ጎመን፣ ያልተፈተገ የስንዴ ዳቦ። ቤቴ ውስጥ መስኮት ከፍቼ፣ ሽታውን አራግቤ የምበላው ወጥ ነው። እሱ ከእኔ ተደብቆ፣ እኔም ከእሱ ተደብቄ፣ አንድ ዓይነት ወጥ ስንበላ ከርመናል።

«ጣፈጠህ?» አልኩት።

ለማ ከወንበሩ ተነሣ። ዳቦው ከእጁ አልወረደም። ልጅቷ ግን ፊቷ ፈካ አለ።

«እማማ አሰለፈች እርስዎ ነዎት? ይግቡ፣ ይቀመጡ! ሰላም ሁልጊዜ ስለ እርስዎ ታወራኛለች። እናቴ ኑኑን መያዝ አድክሟት የአባቴን ምሳ አልቻለችም፣ እባክሽ አንቺ ያዢልኝ ብላኝ...»

«አልቻለችም አለችሽ?»

«ምን ችግር አለው እማማ፣ ለእኔ ቀላል ነው። ሥጋ የለው፣ ቅቤ የለው...»

«ይሄ ሰውዬ እኮ ጨጓራ በሽተኛ ነው!» ጮኽኩ። «ቲማቲምና ምስር ታበዪዋለሽ? ልትገድዪው ነው?»

ጦይባ ለማን አየችው። ለማ ዓይኑን ጨፈነ።

«የምን ጨጓራ?» አለች ቀስ ብላ። «እማማ፣ ሐኪሙ ለካንሰሩ ያዘዘለት እኮ ነው። ለፕሮስቴቱ...»

ከዚያ እሷም ገባት። ሻሿን ጎትታ አፏ ላይ ያዘች።

ያቺን ቃል የሰማሁት ከማላውቃት ሴት አፍ ነው፣ የማላውቀው ካፍተሪያ ውስጥ ቆሜ። ባሌ ነው። የልጄ አባት ነው። በአንድ አልጋ ነው የምንተኛው።

«አሰለፉ፣ ተቀመጪ» አለኝ ለማ።

ምሳ ዕቃውን ከነፎጣው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት። «ዘይኑ እየጠበቀ ነው» አልኩትና ወጣሁ።

እንዴት ቤት እንደገባሁ አላስታውስም። ኑኑን ተቀበልኳት፣ ልብሷን ቀየርኩላት፣ አበላኋት። ለማ መጣ፣ ሶፋው ላይ ተቀመጠ። ሰላም ከዱባይ የመኪናውን መዓት አልፋ እስክትገባ ድረስ ሁለታችንም የኑኑን ካርቱን ስናይ ቆየን። አባቷ ደውሎ እንደነገራት ከአገባቧ አወቅሁ፤ ጫማዋን እንኳ አላወለቀችም። ኑኑን ወደ መኝታ ቤት ሰደደቻት።

«እማዬ፣ ስሚኝ...»

«መጀመሪያ የምጠይቅሽን መልሺልኝ። ቲማቲም ይበላል አይበላም?»

«እ?»

«ቲማቲም!»

«ይበላል። የበሰለ ጥሩ ነው ብሏል።»

«ምስር?»

«ይበላል።»

«ቅቤስ?»

አጎንብሳ ጫማዋን መፍታት ጀመረች።

«ቅቤስ፣ ሰላማዊት?»

«ይቀንስ ነው ያለው እማዬ፤ ክልክል አላለም። ቅቤ፣ ቀይ ሥጋ፣ ቅባት ያለው ወተት ይቀንስ...»

«ወተት!» አልኩ። የሳሊም ጠርሙስ ትዝ አለኝ። «ወተቱን ማነው ያቀጠነው?»

«እኔ ነኝ። ቅባት የሌለውን እየገዛሁ በዚያ ጠርሙስ እገለብጥልሽ ነበር።»

«ያን ሰው ስሰድበው አጠገቤ ቆመሽ ነበር እኮ!»

«አዎ» አለች። እንባዋ መጣ። የእኔ አልመጣም።

«እኔ ቅቤ ስጨምርለት፣ እኔ ሥጋ ስቀቅልለት ዝም ብላችሁ ታዩኝ ነበር። ጾሙን አስፈታሁት። የንስሐ አባታችንን በስልክ ለምኜ አስፈታሁት! ሐኪሙ ያዘዘው እኮ ያንኑ ጾማችንን ነው። ምን እንዳደረጋችሁኝ ታውቃላችሁ? ባሌን በሽታው የሚወደውን እየፈለግሁ አበላሁት።»

«መርዝ አላበላሽኝም» አለ ለማ። «ማታ ማታ ትንሽ ብበላው ምን አለበት። ቀን ቀን ጠንቅቄያለሁ።»

«አንተ አትናገር! ማነው ጨጓራ ብሎ ያመጣው?»

«እኔ ነኝ» አለ። «እኔ ነኝ» አለች ሰላምም፤ እኩል ነው የተናገሩት። አሁንም ሊዋሹኝ ነው አልኩ በልቤ። አንደኛቸው እየዋሸ ነው።

ለማ አጎንብሶ እጁን እያሻሸ ተናገረ። «አትንገሪያት ያልኳት እኔ ነኝ። አውቅሻለሁ አሰለፉ። ኑኑን ጉንፋን ሲይዛት ለእህትሽ ትደውያለሽ፤ እህትሽ ለሰፈሩ ታወራለች፤ በማግስቱ ከሳሪስ ሰው ይደውልና ልጅቷ ተረፈች ወይ ይለኛል። የእኔ ደግሞ የወንድ ነገር ነው። ከሳሪስ እስከ አጅማን ሰው ስለ እኔ... ስለ እሱ እንዲያወራ አልፈለግሁም።»

«ጦይባ አወቀች እኮ! ያ ዘይኑስ?»

«ዘይኑ አያውቅም። ክብደት እየቀነስኩ ነው ብዬዋለሁ።»

«እሱ ግን ጨመረ» አልኩ። ሰላም ከነእንባዋ ሳቋ አመለጣት። እኔ ግን ለማሳቅ አልነበረም።

«ደግሞ» አለ ለማ፣ «ስለ ጨጓራዬ ስትጨቀጭቂኝ ደህና ሰው የሆንኩ ይመስለኝ ነበር። ቤቱ ውስጥ አንድ የማያውቅ ሰው ሲኖር ደስ ይል ነበር።»

ሌላ ሴት ብትሆን ይቺ ቃል አንጀቷን ትበላው ነበር። የእኔን ግን ቆረጠችው። አባትና ልጅ እውነቱን ይዘው፣ እኔን አላዋቂ አድርገው፣ በእኔ አለማወቅ ተጠለሉ።

«ብትሞትስ ኖሮ?» አልኩት። «ብትሞት ኖሮ በጨጓራ ሞተ ብዬ ነበር የማለቅስልህ።»

ተነሥቶ ቴሌቪዥኑን አጠፋ።

ሰላም ቁጭ ብላ ታስረዳኝ ጀመር። ካንሰሩ ቀስ የሚል ዓይነት ነው፣ አልተሠራጨም፣ አሁን ቀዶ ጥገና አያስፈልገውም፣ በየጊዜው ደሙን እያዩ ይከታተሉታል፣ ከፋሲካ በኋላ ቀጠሮ አለው። እጄን ያዘችኝ። «እውነቴን ነው እማዬ።»

«ጨጓራውም እውነት ነበር» አልኳትና እጄን ወሰድኩ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ለለማ ማብሰል ተውኩ። ለኑኑ እሠራለሁ፣ ለራሴ እሠራለሁ። ምስሬን በጠራራ ፀሐይ፣ መስኮቱን ዘግቼ ነው የምሠራው። ቢሸተው ይሽተተው። «ለእኔስ?» ሲለኝ «ጦይባ አለችልህ» እላለሁ። ምሳ ዕቃው መደርደሪያ ላይ ተቀመጠ። የተረፈውን ቅቤ በማሰሮው እንዳለ ለዘይኑ ላክሁለት፤ እሱ እንኳ በልቶ ያመሰግናል። ሳሊም ጋ ወረድኩና ይቅርታ ጠየቅሁት። «ማማ፣ ላሟ ተሻላት?» ብሎ ሳቀብኝ፤ ለኑኑም ከረሜላ ሰጣት። ይቅር መባል እንዴት ቀላል ነው፤ ይቅር ማለት ነው ያቃተኝ።

ፋሲካም መጣ። ከፍስኩ አልበላም ብሎ ለማ ጥግ ላይ ዳቦውን ይዞ ተቀመጠ። ሸሚዙ አንገቱ ላይ ሰፍቶታል። በቅቤው ጊዜ ያላየሁትን አሁን አየሁ። ዓይኔን መንቀል አቃተኝ፤ መጠየቅም አቃተኝ። ደህና ነኝ ቢለኝ አላምነው። ሰላም ደህና ነው ብትለኝ አላምናት። የማምነው ሰው ቤቴ ውስጥ አጣሁ። ባሌ እየሞተብኝ ይሁን እየዳነልኝ ይሁን የሚነግረኝ ሰው የለኝም።

ያኔ ነው ጦይባ ትዝ ያለችኝ።

ኑኑን ትምህርት ቤት ሸኝቼ ካፍተሪያው ሄድኩ። ጦይባ ስታየኝ ልጣላት የመጣሁ መስሏት ድስቱን ጥላ ወጣች።

«እማማ፣ አላህ ይይልኝ፣ የማያውቁ መሆንዎን ባውቅ አፌን እዘጋ ነበር።»

«የመጣሁት ስላልዘጋሽው ነው» አልኳት። «ሐኪሙ ዐረብ ነው አሉ። የእኔ ዐረብኛ የማድቤት ዐረብኛ ነው፤ ከብረት ድስትና ከካውያ አያልፍም። አንቺ ከልጅነትሽ ቁርአን የቀራሽ ነሽ። ቀጠሮው ቀን አብረሽኝ ግቢና እሱ ያለውን ሳትጨምሪ ሳትቀንሺ ንገሪኝ።»

«እኔ?» አለች ደንግጣ። «ዋላሂ አፍራለሁ እማማ! የወንድ ነገር እኮ ነው። ደግሞ ሰላም እያለች...»

«እኔም አፍራለሁ። ሁለታችንም መሬት መሬት እያየን እንሰማለን።»

አሰበች፣ እጇን በሽርጧ ጠረገች፣ እሺ አለች።

የቀጠሮው ዕለት ጦይባ የሐኪም ቤቱ በር ላይ ቆማ ስትጠብቅ ሰላም አየቻት። መጀመሪያ ልትስማት ሄደች፤ ቀጥሎ ለምን እንደመጣች ገባት። ወደ እኔ ዞረች።

«እማዬ፣ እኔን አላመንሽኝም?»

ለማ መሬቱን ያያል። ጦይባ ግድግዳውን ታያለች።

«አላመንኩሽም፣ ልጄ» አልኩ።

ፊቷ እንደ ልጅነቷ ተጨማደደ። የወለድኳት ነኝ፤ አላመመኝም ብል እዋሻለሁ። ግን በዚያ ቤት ውሸት በቃ፤ እኔም አልጨምርበትም።

ሐኪሙ ሽበት የጣለ፣ ድምፁ ዝግ ያለ ሰው ነው። አራታችንን ሲያይ ፈገግ አለና ተጨማሪ ወንበር አስመጣ። ይናገራል፤ ጦይባ ጆሮዋ ቀልቶ፣ ዓይኗን ከጫማዋ ሳታነሣ ትመልስልኛለች። የደሙ ምርመራ ከባለፈው አልጨመረም። አሁንም ቀስ ያለ ነው። ይከታተሉታል፤ ከጨመረ ያኔ ሕክምናውን ይመርጣሉ። «ምግብ ብቻውን አያድነውም ይላል እማማ። ግን ለልቡም፣ ለክብደቱም፣ ለሰውነቱም ይጠቅመዋል። አትክልት፣ ጥራጥሬ፣ የበሰለ ቲማቲም። ቅባት ይቀንስ። በእግሩ ይሂድ።»

ሰላም ያለችኝ ነው። ቃል በቃል። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፤ ግን ይባስ አንገበገበኝ። ይህን ያህል እውነት መናገር ከቻለች መጀመሪያ ምን ከለከላት?

«አንድ ጥያቄ አለኝ» አልኩ። «በዚህ ይሞታል ወይ? ብለሽ ጠይቂልኝ።»

«አሰለፉ!» አለ ለማ።

ጦይባ አየችኝ። «ሳትቀንሺ» አልኳት። ጠየቀችው።

ሐኪሙ መልሱን ለእሷ አልሰጣትም፤ ፊቱን ወደ እኔ አዞረ። ብዙ ወንድ ከዚህ ጋር ረጅም ዘመን ኖሮ በሌላ ምክንያት ይሞታል አለ። የባልሽ እንዴት እንደሚሆን ግን አላውቅም አለ። ያቺን ጦይባ ሳትተረጉምልኝ ሰማኋት። «አላውቅም» የሚለውን ማዳም ቤት ተምሬዋለሁ። ከዚያ ሁሉ ጨጓራ በኋላ ያገኘሁት የታመነ ቃል ያቺ «አላውቅም» ናት። የወንበሩን እጀታ ለቀቅሁት።

ስንወጣ ሰላም ቀድማ ሄደች። አልጠራኋትም። ተመልሳ እንደምትመጣ አውቃለሁ፤ እኔም እንደምቀበላት አውቃለሁ። ግን ዛሬ አይደለም።

ለማ ከዚያው ወደ ሥራው ነው የሚሄደው። ቦርሳዬን ከፈትኩና ምሳ ዕቃውን አወጣሁ። ጠዋት ሁሉም ሳይነሣ ነው የሠራሁት። ምስር በቲማቲም፣ ጎመን፣ በትንሽ ዘይት። የፋሲካው ሃምሳ ቀን ገና አላለቀም፣ አገሩ ሁሉ ፍስክ ይበላል፤ የእኛ ድስት ግን ጾም ገብቷል። ለሁላችንም ያው አንድ ድስት ነው ከእንግዲህ።

«ይኸው» አልኩት።

በሁለት እጁ ተቀበለኝ። ትኩስ ነበር፤ መዳፉ ላይ አገላበጠው። «አሰለፉ...» አለ።

«ምንም አትበለኝ። ዛሬ የሰማሁት ይበቃኛል።»

«ለዘይኑ አልሰጥም።»

«እሱን በዓይኔ ነው የማየው» አልኩት። «ማታ ስትመጣ ምሳ ዕቃውን አትጠበው።»

«አልጠበው?»

«አትጠበው። እንዳለ አምጣልኝ።»